ስለ መንገደኛና ስለ አገልጋዩ ጉርሻ

ሰው ከድካሙ የሚያርፍበት ጊዜ ያስፈልገዋል። አባት ከሥራው፣ እናት ከቤት ጣጣ፣ ልጆችም ከትምህርታቸው ጥቂት ቀን ተለይተው ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች ቢሄዱ፣ ከባሕር ዳርም በጀልባ ተሻግረው የጣናን ገዳማት ቢሳለሙ የሚነቀፍ ነገር የለበትም። ነገር ግን የአንዱ ዕረፍት የሌላው ሥራ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ቤተሰቡ ተኝቶ ሲያድር ዘበኛው ነቅቶ ያድራል፤ ቤተሰቡ ወደ ሐይቁ ዳር ሲወርድ አልጋ አንጣፊዋ አንሶላውን ትለውጣለች፤ እርሱ በማዕድ ሲቀመጥ አስተናጋጁ ቆሞ ይውላል። እንግዲህ መንገደኛ ለእነዚህ ሰዎች ከሒሳቡ በላይ የሚሰጠው ገንዘብ ምንድን ነው? ዕዳ ነውን? ስጦታ ነውን? ወይስ ምጽዋት? የጉዞውን ወጪ ሲያሰላስ አስቀድሞ ሊመድበው ይገባልን?

በአገራችን ይህ ገንዘብ ጉርሻ ይባላል። ስሙ የተወሰደው ከማዕድ ነው። የሚያጎርስ ሰው በፊቱ ካለው እንጀራ ቆርሶ፣ በእጁ ጠቅልሎ ወደ ወዳጁ አፍ ያደርሳል እንጂ አይወረውርም፤ የሚጎርሰውም አምጣ ብሎ አያስገድድም። ስለዚህ አንዳንዶች «ጉርሻ የፈቃድ ነገር ነው፤ የሠራተኛውን ደመወዝ የሚከፍለው የሆቴሉ ባለቤት ነው» ይላሉ። ይህ አባባል ግማሹ እውነት ነው። በእርግጥም የእንግዳው ልግስና የአሠሪውን ዕዳ አይሽርም፤ እንግዶች ይሰጡታልና ብሎ የሠራተኛውን ደመወዝ የሚያሳንስ አሠሪ በሌላ ሰው እጅ ቸር ለመባል የሚሻ ነው።

ሁለተኛው ግማሽ ግን ምርመራ ያስፈልገዋል። በአገራችን በብዙ ሆቴሎች ከሒሳቡ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይታሰባል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ግን ከደንበኞች የሚገኘውን የአገልግሎት ክፍያ ከደመወዝ አይቆጥረውም። ለግል ድርጅት ሠራተኞች ሁሉ የሚሆን አንድ የደመወዝ ወለል ሳይወሰንም ረጅም ዘመን አልፏል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በአሜሪካም የፌዴራሉ ሕግ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው በቀጥታ እንዲከፍል የሚያስገድደው ለአንድ ሰዓት 2.13 ዶላር ብቻ ነው፤ ይህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 ጀምሮ አልተለወጠም። እስከ ዝቅተኛው ደመወዝ እስከ 7.25 ዶላር ያለው ጉድለት በእንግዶች ጉርሻ እንዲሞላ የታሰበ ነው፤ ጉርሻው ባይበቃ አሠሪው ይሞላው ዘንድ ታዝዟል። ከዚህ ከፍ ያለ ክፍያ የወሰኑ ግዛቶችም አሉ። ልማዱ እንዲህ በሆነበት ስፍራ የምግቡ ዋጋ ለእንግዳው የቀለለለት የአገልጋዩ ክፍያ ከውስጡ ስለ ጎደለ ነው። እንግዲህ በዋጋው ማነስ ተጠቅሞ ጉርሻውን የሚከለክል ሰው ስጦታ አልሰጠሁም ሊል አይችልም፤ የድካም ዋጋ አስቀርቷልና።

ስለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ የሚሆነን መጽሐፈ ጦቢት ነው። ጦቢት ልጁን ጦብያን ወደ ሩቅ አገር ሲልክ መንገድ የሚመራውን ሰው ዋጋ ከመነሣታቸው በፊት ቆርጦ ተነጋገረ፤ በየቀኑ አንድ ድራክማ፣ ስንቅም ከልጁ ጋር እኩል እንዲሆንለት ወሰነ፤ በደኅና ቢመለሱም ከዋጋው በላይ ሊጨምርለት ተስፋ ሰጠ። በተመለሱ ጊዜም ልጁን ጠርቶ የሰውየውን ደመወዝ እንዲሰጠውና እንዲጨምርለት አዘዘው። በዚህ ታሪክ ዋጋውና ጭማሪው ተለይተው ይታያሉ፤ ጭማሪው የዋጋው ምትክ አልሆነም፤ ነገር ግን እርሱም ከጉዞው በፊት ታስቦ ነበር። ያ ደመወዝተኛ ማን እንደ ነበረ የታወቀው በመጨረሻ ነው፤ መልአኩ ሩፋኤል ነበር። ጦቢት ግን ማንነቱን ሳያውቅ፣ እንደ ማንኛውም ቅጥረኛ አይቶት ሳለ ነው ቃል የገባለት።

እንግዲህ አስቀድሞ መመደብ ፍቅርን ያቀዘቅዛልን? አያቀዘቅዝም። ዝክር የሚያዘጋጅ ሰው ዱቄቱን ይሰፍራል፤ ጌሾውን ይመዝናል፤ እንግዶቹንም ይቆጥራል። ስለ ሰፈረ ቸርነቱ አይጎድልም፤ ሳይሰፍር ቢቀር ግን በመጨረሻ የሚመጣው ድኻ ባዶውን ይመለሳል። ጉርሻም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ ለጉዞው 24,000 ብር የያዘ ቤተሰብ ከዚህ 2,400 ብር አስቀድሞ ቢለይ፣ በጥቃቅን ኖት ዘርዝሮ ቢይዝ፣ ለሻንጣ ተሸካሚው፣ ለአልጋ አንጣፊዋ፣ ለጀልባ ነጂውና ለዘበኛው የሚደርሰውን ቢያስብ፣ በመጨረሻው ቀን ኪሱ ባዶ ሆኖ ዓይኑን ሰብሮ አይወጣም። ገንዘቡ የማይበቃ ቢሆን ሦስቱን ሌሊት ሁለት ያድርግ እንጂ የአገልጋዮቹን ድርሻ አይቀንስ። ይህንንም ከአሥራት ወይም ለነዳያን ከለየው ገንዘብ አያውጣ፤ ሠርቶ ያገለገለን ሰው ከተመጽዋች መቁጠር ሁለቱንም መበደል ነውና።

በመስጠትም ጊዜ ሦስት ነገር እንጠንቀቅ። አንደኛ፣ በፊታችን የሚቆመውን አስተናጋጅ ብቻ አንመልከት፤ በወጥ ቤት ጢስ ውስጥ ያለችውና ክፍሉን ጠርጋ ሳናያት የምትሄደው ከእርሱ ያነሰ አልደከሙም። ሒሳቡ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ተጽፎ ብናገኝ ለሠራተኞቹ ይደርስ እንደ ሆነ በትሕትና እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ወዳጅ ሲያየን አብዝተን፣ ብቻችንን ስንሆን አሳንሰን አንስጥ፤ እንዲህ ያለው ስጦታ ለአገልጋዩ ሳይሆን ለራሳችን ስም የተከፈለ ነው። ሦስተኛ፣ ተራ ለማለፍ ወይም የሌላውን እንግዳ ቦታ ለመንጠቅ አስቀድሞ የሚሰጥ ገንዘብ ጉርሻ አይደለም፤ መማለጃ ነው። አገልግሎቱ ጉድለት ቢኖረው ጉድለቱን በለሰለሰ ቃል መንገር ይሻላል፤ ምክንያቱን ሳይናገሩ በዝምታ መከልከል ማንንም አያስተምርም።

አቅሙ ያነሰ ቤተሰብ ግን በዚህ አይሸማቀቅ። ትንሹ ገንዘብ በሁለት እጅ፣ ስም ጠርቶና አመስግኖ ቢሰጥ ጉርሻ የሚለውን ስም ይበልጥ ይገባዋል። በንቀት የተወረወረ ብዙ ብር ሆድ ይሞላ ይሆናል፤ ፊትን ግን ያጠቁራል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ከጉዞው ሐይቁንና ጀልባውን ያስታውሱ ይሆናል። ነገር ግን አባታቸው ሻንጣ የተሸከመውን ሽማግሌ «አባቴ» ብሎ እንደ ጠራው ወይም ፊቱን አዙሮ እንዳለፈው ያያሉ፤ እነርሱም በተራቸው ቤተሰብ ይዘው ሲወጡ ያንኑ ያደርጋሉ። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ስንቁን ስትቋጥሩ የአገልጋዩንም ድርሻ አብራችሁ ቋጥሩ፤ ልጆቻችሁም ሲቋጠር ይዩት።