ሌላው በደከመበት ስፍራ መቆም ይገባልን?

ከሌላው የበለጠ ችሎታ ያለው ሰው፥ ያ ሌላው ደክሞ የደረሰበትን ስፍራ በመጨረሻው ሰዓት ቢወስድበት ተገቢ ነውን፥ ወይስ ግፍ ነው? ይህ ጥያቄ በመሥሪያ ቤትም፥ በማኅበርም፥ በንግድም ዘወትር የሚነሣ ነው። ነገር ግን ከራሳችን ጉዳይ ስናነሣው ዝምድናና ጥቅም ስለሚቀላቀሉበት አጥርቶ ለመፍረድ ያስቸግራል። ስለዚህ ምሳሌውን ከሩቅ አገርና ቀላል ከሚመስል ነገር፥ ይኸውም በእንግሊዝ አገር ከተደረገ የእግር ኳስ ጨዋታ እናመጣለን። ዓመቶቹን የምንቆጥረው በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ቪቪያን ውድዋርድ በ1879 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ተወለደ። የሚተዳደረው በሕንፃ ንድፍ ሥራ ነበረ። በዘመኑ የነበሩት የእንግሊዝ ኳስ ተጫዋቾች በሁለት ወገን የተከፈሉ ነበሩ፤ አንዱ ወገን በ1885 ዓ.ም. ከተፈቀደው ደንብ ወዲህ በደመወዝ የሚጫወት ሲሆን፥ ሁለተኛው ወገን ስለ ጨዋታው ፍቅር ብቻ ያለ ደመወዝ የሚጫወት ነበረ። ውድዋርድ ከሁለተኛው ወገን ነው። ይሁን እንጂ ችሎታው በደመወዝ ከሚጫወቱት የማያንስ ስለ ነበረ፥ አስቀድሞ በቶተንሃም፥ ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮም በቼልሲ ማኅበር ከእነርሱ ጋር ተሰለፈ። ለእንግሊዝ አገር 23 ጊዜ ተጫውቶ 29 ግብ አገባ። በ1908 ዓ.ም. በሎንዶን፥ በ1912 ዓ.ም. በስቶክሆልም በተደረጉት የኦሊምፒክ ጨዋታዎች የብሪታንያ ቡድን አለቃ ነበረ፤ ቡድኑም ሁለቱንም ጊዜ በመጨረሻው ግጥሚያ ዴንማርክን አሸነፈ።

በ1914 ዓ.ም. የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ውድዋርድ ወደ ጦር ሠራዊት ገባ። እርሱ በወታደርነት ሳለ ቼልሲ በእንግሊዝ ዋንጫ ውድድር ተጋጣሚዎቹን እያሸነፈ፥ ከዚያ በፊት ደርሶበት ወደማያውቀው ወደ መጨረሻው ግጥሚያ ደረሰ። በዚያ መንገድ ከደከሙት አንዱ ቦብ ቶምሶን የሚባል፥ አንድ ዓይኑ የጠፋ፥ በደመወዝ የሚጫወት ሰው ነበረ። የግጥሚያው ቀን ሲቃረብ ቶምሶን ተጎድቶ ስለ ነበረ፥ በእርሱ ስፍራ እንዲጫወት ለውድዋርድ ከሠራዊቱ ፈቃድ ተሰጠው። በመጨረሻ ግን ቶምሶን ለመጫወት የሚችል ሆነ። ውድዋርድም፥ ቡድኑን እዚህ ለማድረስ የደከመው ቶምሶን ነውና ስፍራው ለእርሱ ይገባል በማለት ሳይጫወት ቀረ። አፕሪል 24 ቀን 1915 ዓ.ም. በማንችስተር ከተማ፥ የደንብ ልብስ የለበሱ ብዙ ወታደሮች በተሰበሰቡበት ሜዳ፥ ቼልሲ በሸፊልድ ዩናይትድ 3 ለ 0 ተሸነፈ።

እንግዲህ የውድዋርድ ሥራ ትክክል ነበረን? ተቃዋሚ ሦስት ነገር ሊናገር ይችላል።

መጀመሪያ፥ ጽዋውን ለሌላ መስጠት ለጠገበ ሰው ቀላል ነው፤ ውድዋርድ እንጀራው ከሌላ ሥራ ነበረ ይላል። እውነት ነው። ደመወዝ አለመቀበሉ ብቻ ከቶምሶን የተሻለ ሰው አያሰኘውም፤ በላቡ ዋጋ የሚያድር ሰው የሚነቀፍበት ምክንያት የለምና። ነገር ግን በዚያ ቀን የተወው ገንዘብ አልነበረም። ይህን ዋንጫ ከዚያ በፊት አላገኘም ነበረ፤ ዕድሜውም 35 ዓመት ስለ ነበረ ሌላ ቀን የሚጠብቀው አልነበረም። የተወው እርሱ ራሱ የጎደለውን ነገር ነው።

ሁለተኛ፥ ስሙና ልምዱ የበለጠው ሰው ቢሰለፍ ኖሮ ማኅበሩ ሊያሸንፍ ይችል ነበረ ይላል። ይህን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ቢሆንም ያሸንፍ ነበረ እንበል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲሉ አባቶች የተናገሩት ለዚህም ይሠራል። የመጨረሻው ቀን ክብር የቀደሙት ቀኖች ፍሬ ነው፤ የዘራውን ሰው ከአጨዳው ቀን ማስቀረት እርሻውን አያከብረውም። ደግሞም የአንድ ማኅበር ሀብቱ ዋንጫው ብቻ አይደለም። የደከመ ሁሉ ድካሙ እንደማይረሳበት ማመኑ ከዋንጫው ይበልጣል፤ ይህ እምነት ከጠፋ በሚቀጥለው ዓመት የሚደክም አይገኝም።

ሦስተኛው መቃወሚያ ከሁሉ የሚከብድ ነው። ውድዋርድ የተወው የራሱን ክብር ብቻ ሳይሆን የሌሎቹን አሥር ጓደኞች ዕድል ጭምር ነው፤ በሌላው ኪሳራ ቸር መሆን ቸርነት ነውን? እዚህ ላይ መለየት ያስፈልጋል። ሐኪም በሽተኛውን ለመቅደድ በተዘጋጀ ጊዜ ከእርሱ የሚበልጥ ባለሙያ ቢመጣ፥ ቢላዋውን ሊለቅለት ይገባል፤ ሌሊቱን ሁሉ የደከምሁ እኔ ነኝ ማለት አይጠቅመውም። የሚጎዳው ለመምረጥ ሥልጣን የሌለው በሽተኛው ነውና። የሦስተኛ ሰው ሕይወት ወይም የሕዝብ ደኅንነት በተያዘበት ስፍራ ችሎታ ይቅደም። የድካም ፍሬና ክብር በሚከፈልበት ስፍራ ግን የደከመው ይቅደም። የውድዋርድ ጓደኞች ከቶምሶን ጋር ሆነው የጀመሩትን መንገድ ከእርሱ ጋር ፈጸሙት፤ ተሸነፉ እንጂ አልተበደሉም።

ውድዋርድ በ1916 ዓ.ም. መጀመሪያ በፈረንሳይ የጦር ግንባር በእጅ ቦምብ ጭኑን ቆሰለ። ከጦርነቱ በኋላ በእርሻ ሥራ ኖሮ በ1954 ዓ.ም. ዐረፈ። ዋንጫውን ሳያገኝ ሞተ።

አንባቢ ሆይ፥ ወደ ሌላው ስፍራ በተጠራህ ጊዜ ከመቀመጥህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅ። እኔ ብተወው የሚጎዳው ማን ነው? እኔ ብይዘውስ ድካሙ የሚረሳበት ማን ነው? የመጀመሪያው መልስ የበሽተኛው ሕይወት ከሆነ ግባ። የራስህ ስም ብቻ ከሆነ ግን ለደከመው ልቀቅለት፤ ሳያሸንፍ ቢቀር እንኳ አትጸጸት።