እንግድነትና ጎረቤትነት

ሰው የሚኖርበትን ስፍራ የመምረጥ ዕድል የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛው ሰው በተወለደበት፣ በተመደበበት ወይም እንጀራ ባገኘበት ቦታ ይኖራል። የመምረጥ ዕድል የገጠመው እንደሆነ ግን ጉዳዩ በአየር ንብረትና በቤት ኪራይ ብቻ የሚወሰን አይሆንም። ሰው ለሚለየው ኅብረተሰብ ምን ዕዳ አለበት? ወደሚሄድበት ኅብረተሰብስ ምን ይዞ ሊገባ ይገባዋል? ጥያቄው ከዚህ ላይ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይሆናል።

ይህ ጥያቄ ለአዲሱ ገበያ ነዋሪ እንግዳ አይደለም። በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ የሚገኘው ይህ ሰፈር፣ የጎጃም መንገድ አዲስ አበባን የሚሰናበትበት በር ነው። ከዚህ የተነሣ መንገደኛ ሱሉልታን አልፎ፣ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከጣና ዳር ይደርሳል። የከተማዪቱ ስም ራሱ ጥሪ ነው። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የባሕር ጠረፏን ካጣች በኋላም ያቺ ከተማ ባሕር ዳር መባሏን አልተወችም።

አንድ የአዲሱ ገበያ ነዋሪ መምህር፣ 60 ዓመት ሞልቶት ጡረታ ወጣ እንበል። ሰፈሩ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኝ በመሆኑ የክረምቱ ብርድ ጉልበቱን ይፈታተነዋል። ኑሮው ከአበሉ ጋር አልመጣጠን ብሏል። በአንጻሩ ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ጎዳናዎቿ በዘንባባ ያጌጡ፣ ዓሣዋ ከሐይቁ ወጥቶ ወዲያው ከገበታ የሚቀርብባት ከተማ ናት። መምህሩ ለጥምቀት ሰሞን ሄዶ አይቷታል፤ ወዷታልም። ቤቱን ሸጦ፣ ጓዙን ጠቅልሎ፣ ዓመቱን ሙሉ እዚያ ይኑር? ወይስ ይቅር?

የመጀመሪያው ጥንቃቄ የእንግዳን ዓይን ከነዋሪ ዓይን መለየት ነው። እንግዳ አንድን ከተማ የሚያያት በመልካሙ ወራት ነው። ነዋሪ ግን የሚያዝያንና የግንቦትን ሙቀት፣ የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ከመስከረም ጀምሮ የሚበረታውን ወባ ጭምር ይኖራል። የምጽዋ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በበጋው ወራት የምትመቸው ይህች የቀይ ባሕር ወደብ፣ ሙቀቷ ሲበረታ አቅም ያላቸውን ሁሉ ወደ ደጋው ስታሰድድ ኖራለች። ኢጣሊያውያን ገዥዎች እንኳ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ የቅኝ ግዛታቸውን መዲና ከምጽዋ ወደ አስመራ ሲያዛውሩ ሙቀቱ አንዱ ምክንያታቸው ነበር። በምጽዋ ዓመቱን ሙሉ የቀረው ወደቡን በጉልበቱ ያንቀሳቅስ የነበረው ሠርቶ አደርና ድሀው ነዋሪ ነው። እንግዲህ አንድን ስፍራ የሚያውቃት በክፉ ወራቷ የማይለያት ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ከስፍራ የማይገኘውን ነገር ከስፍራ አለመጠበቅ ነው። ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ በዘመኑ በደስታዋ የታወቀችውን የባይያን የባሕር ዳርቻ ከተማ በደረሰ በማግሥቱ ጥሏት እንደሄደ ለወዳጁ ለሉኪልዮስ ጽፏል፤ የቅንጦት ማደሪያ ሆና አግኝቷታልና። በሌላ ደብዳቤው ደግሞ ኀዘኑን በጉዞ ሊያራግፍ የሚሻ ሰው ራሱን ይዞ እየዞረ መሆኑን እንዳይዘነጋ ይመክራል። ምክሩ እውነት አለው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ሴኔካ ባለጸጋ ነበር፤ አንዱ ስፍራ ባይስማማው ሌላ ማረፊያ አያጣም። በብርድ ለሚሠቃይ ጡረተኛ ግን ሙቀት ቅንጦት ሳይሆን መድኃኒት ነው። ሠላሳና አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ዕረፍት ቢሻ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ተጨባጩን ሁኔታ ትቶ ሁሉን ነገር በመንፈስ ጽናት ላይ መጣል ችግር ያልደረሰበት ሰው ፍልስፍና ነው።

ታዲያ መሄዱ በደል ካልሆነ፣ አዲሱ ገበያ በመምህሩ ላይ ምንም መብት የለውም ማለት ነውን? እዚህ ላይ ክርክሩ ይጠነክራል። ጎረቤቶቹ በኀዘኑ ድንኳን ተክለውለታል፣ ልጆቹን ድረውለታል፤ እሱም የእነሱን አስከሬን ተሸክሟል። ይህ ሁሉ በገንዘብ የሚቆጠር ዕዳ ስላልሆነ ተከፍሎ አያልቅም። ሆኖም ሰውን ለዘለዓለም የሚያስር ሰንሰለት አድርጎ መቁጠሩም ስሕተት ነው። አዲሱ ገበያ ራሱ፣ ስሙ እንደሚመሰክረው፣ አንድ ወቅት አዲስ ነበረ፤ ከሰላሌም ከጎጃምም ከሌላም የአገሪቱ ክፍል መጥተው የሰፈሩበት ብዙ ናቸው። የትናንቱን መጤ የሰፈር ሰው ያደረገው የትውልድ ቦታው አይደለም፤ እድር መግባቱ፣ ኀዘን መድረሱ፣ መንገድ ሲቆፈር መዋጮ ማውጣቱ ነው። ስለዚህ ከሰፈሩ የተማረው ትምህርት ቢኖር ይኸው ነው፤ የሚሄድ ሰውም ይህንኑ ትምህርት ይዞ እንዲሄድ ይጠበቅበታል።

ከሐይቁ ማዶ ያለ አንድ ምሳሌ ይህን ያጎላዋል። ደራሲነቱ ሊቃውንትን እስከ ዛሬ የሚያከራክረው «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» እንደሚተርከው፣ ከአክሱም ተሰዶ በዋሻ የኖረው ፈላስፋ በመጨረሻ ከጣና በስተ ምሥራቅ ወደምትገኘው እንፍራንዝ መጣ። እዚያ በሀብቱ ቤት ዳዊት ጻፈ፣ ልጆቹን አስተማረ፣ ከዚያው አገር ሴት አግብቶ ኖረ፣ አረጀ። እንፍራንዝን አገሩ ያደረጋት መልክዓ ምድሯን በማድነቅ ሳይሆን ለሰዎቿ የሚጠቅም ሥራ በመሥራቱ ነው።

ጣናም ዛሬ ከወዳጆቹ የሚሻው አድናቆት ብቻ አይደለም። በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በሐይቁ ላይ መታየት የጀመረው እምቦጭ የዓሣ አጥማጁን መረብና የገበሬውን ዳርቻ ወርሯል። በ2013 ዓ.ም. የተካሄደውን ዘመቻ ጨምሮ፣ በየጊዜው ሕዝቡ ከውኃው ገብቶ አረሙን በእጁ ሲነቅል ታይቷል። በውኃው ዳር ተቀምጦ ቡና ለሚጠጣ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ ነው፤ ለጎረቤት ግን የራሱ ጉዳይ ነው። ከያኒውም ቢሆን ከዚህ ሚዛን ውጭ አይደለም። የደንገሉን ታንኳ በጀምበር መጥለቂያ የሚሥል ሠዓሊ የቀዛፊውን ኑሮ ካላወቀ፣ ሥዕሉ እንግዳ ለእንግዳ የሚልከው ፖስታ ካርድ ሆኖ ይቀራል። በአዲስ አበባ ዋጋ ቤቱን ሸጦ የመጣ ሰውም ገንዘቡ የአካባቢውን ኪራይ ሊያንር፣ ተከራዩን ወደ ዳር ሊገፋ እንደሚችል ማሰብ ይኖርበታል።

በሌላ በኩል ጎረቤትነት ዋስትና እንደማይሆን መካድ አይገባም። በ1959 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያና ወደቡ ከደጋው ብዙ ሠራተኛ ስበው ነበር። እነዚህ ሰዎች በዚያ ሐሩር ቤት ሠርተዋል፣ ልጅ ወልደው አሳድገዋል። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ግን ብዙዎቹ የዕድሜ ልክ ጥሪታቸውን ትተው ተፈናቀሉ። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የተካሄደው ግጭት ሰላማዊውን ኗሪ ጎድቷል፤ የጎጃምንም መንገድ በተደጋጋሚ ዘግቷል። ልጆቹ አዲስ አበባ ለቀሩበት አዛውንት የመንገድ መዘጋት ቀላል ነገር አይደለም። ይህን አመዛዝኖ የቀረ ሰው ፈሪ ሊባል አይገባውም። ይህን ሁሉ እያወቀ የሚሄድ ደግሞ የከተማዪቱን ዕጣ የራሱ ለማድረግ መቁረጡን ይወቅ፤ ሲመቻት የሚመጣ፣ ሲከፋት የሚሸሽ ከሆነ ቤት ይሥራ እንጂ መኖሪያ አላገኘም።

ከዚህ በመነሣት የጥያቄው አቀራረብ መለወጥ አለበት። መምህሩ «ባሕር ዳር ትስማማኛለችን?» ከማለት አልፎ «እኔስ ለባሕር ዳር ምን እሆናለሁ?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ወደ መልሱ ይቀርባል። ቤቱን ከመሸጡ በፊት ቤት ተከራይቶ ግንቦትን ከነሙቀቱ፣ ነሐሴን ከነዝናቡ፣ ጥቅምትን ከነወባው ይቀመጥ። የሰፈሩ ሰው በስሙ እስኪጠራው ይቆይ። ለጎረቤት ልጆች ሒሳብና ፊደል ያስተምር፤ ሙያው ጡረታ አልወጣምና። እድር ለመግባትም ይጠይቅ፤ የመግቢያውን ክፍያ ብቻ ሳይሆን የመሸከሙንም ተራ ይቀበል። ይህን ሁሉ በደስታ ከፈጸመው ይሂድ፤ አዲሱ ገበያም ልጁን እንደዳረ ወላጅ መርቆ ይሸኘው።

ይህ ከከበደው ግን በሰፈሩ ይቅርና በየዓመቱ ለጥምቀት እየሄደ ሐይቁን አይቶ ይመለስ። እንግዳ መሆን ነውር አይደለም፤ እንግዳ በአገራችን ክቡር ነው። ነውሩ ዕድሜ ልክ በእንግድነት እየተስተናገዱ የጎረቤትን ድርሻ አለመወጣት ነው። በዚህ ዕድሜ ስፍራን የሚመርጥ ሰው የመቀበሪያውን ስፍራም አብሮ መምረጡ አይቀርም። ያኔ ለቀብሩ የሚወጡት ከሞቱ አስቀድሞ እሱ ለቀብራቸው የወጣላቸው ሰዎች ናቸው።