የጋራ ሥራና የግል ኃላፊነት፦ ከ19ኛው ምዕተ ዓመት መድፈኞች አሠራር በመነሣት

ብዙ እጅ ያረፈበት ሥራ የማን ሥራ ነው? ጥያቄው የሥነ ምግባር ፈላስፎችን ሲያከራክር የኖረ ቢሆንም፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው በሸንጎና በመጻሕፍት መካከል እንጂ ሥራው በሚሠራበት ቦታ አይደለም። በሥራው ቦታ ላይ ግን ጥያቄው ሥጋ ለብሶ ይታያል። ለዚህም በ19ኛው ምዕተ ዓመት በሜዳ ይዋጉ የነበሩ መድፈኞች አሠራር ከብዙ ሐተታ የሚበልጥ ማስረጃ ይሰጣል። የዚያ ዘመን መድፍ አንድ ሰው ብቻውን በአግባቡ ሊተኩሰው የማይችል፣ ከተተኮሰም በኋላ አንድ ሰው ተነሥቶ «እኔ ተኮስሁት» ሊል የማይደፍርበት መሣሪያ ነበርና።

እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 በሰሜንና በደቡብ የአሜሪካ ግዛቶች መካከል በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ሁለቱም ወገኖች በብዛት ከተጠቀሙባቸው መድፎች አንዱ፣ በፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት በሣልሳዊ ናፖሊዮን ስም የሚጠራው ባለ 12 ፓውንድ የነሐስ መድፍ ነው። ሠረገላው ሳይቆጠር አካሉ ብቻ ከ550 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ስድስት ፈረሶች ይጎትቱታል። ባሩዱም አረሩም የሚገቡት በአፈ ሙዙ በኩል ሲሆን፣ እሳቱ የሚሰጠው ግን ከኋላ፣ በአናቱ ላይ በተበሳች ጠባብ ቀዳዳ በኩል ነው።

መድፉን የሚያገለግሉት ሰዎች በሥራ ሰዓት ስማቸው ይቀርና በቁጥር ይታወቃሉ። ቁጥር አንድ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ በታሰረ እርጥብ መወልወያ የመድፉን ውስጥ ይወለውላል፤ ካለፈው ተኩስ የተረፈ ፍም ቢኖር እንዲጠፋ ነው። ቁጥር ሁለት የባሩዱን ከረጢትና አረሩን ያጎርሳል፤ ቁጥር አንድ ዘንጉን ገልብጦ እስከ ውስጠኛው ጫፍ ድረስ ይጠቀጥቀዋል። ቁጥር አምስት ከኋላ ከቆመው የጥይት ጋሪ በቆዳ ከረጢት እየያዘ በሩጫ ያመላልሳል። ቁጥር ስድስትና ሰባት ከጋሪው ሣጥን አውጥተው ያቀብሉታል፤ የሚላከው ፈንጂ ከሆነም ፊውዙን እንደ ርቀቱ በሰከንድ ለክተው ያዘጋጃሉ፤ የስሌቱ ሰንጠረዥ በሣጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ተለጥፏል። የአሥር አለቃ ማዕረግ ያለው አነጣጣሪ ከኋላ ጎንበስ ብሎ ያልማል፤ በእጁ ምልክት ሲሰጥ ቁጥር ሦስት የመድፉን ጅራት በእንጨት እያነሣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞርለታል። በመጨረሻ ቁጥር አራት ገመድ ያለውን ማቀጣጠያ በቀዳዳው ይሰካና ፈንጠር ብሎ ይቆማል፤ «ተኩስ!» ሲባል ገመዱን ይስባል። መድፉ ባሩዱ ገፍትሮት ወደ ኋላ ይንከባለላል፤ ሰዎቹ በጎማው ላይ ተረባርበው ወደ ቦታው ይመልሱታል፤ ሥራውም እንደ ገና ከመወልወል ይጀምራል። የሠለጠነ ቡድን ይህን ሁሉ እያነጣጠረ በደቂቃ ሁለት ጊዜ ይፈጽመው ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ እንቅስቃሴዎች መካከል ለሥነ ምግባር ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ገና ያልተነገረው የቁጥር ሦስት ተግባር ነው። ቁጥር አንድ በሚወለውልበትና በሚጠቀጥቅበት ጊዜ፣ ቁጥር ሦስት የቆዳ ልባጥ ባጠለቀ አውራ ጣቱ የእሳቱን ቀዳዳ ጠቅጥቆ ይይዛል። ጣቱን ቢያነሣ ነፋስ በቀዳዳው ያልፋል፤ ነፋሱ የተዳፈነውን ፍም ያነቃዋል፤ ባሩዱም ገና እየተጠቀጠቀ ሳለ ይፈነዳል። በዚያች ቅጽበት በአፈ ሙዙ ፊት ያለው የቁጥር አንድ ክንድ ነው። መድፉ ደጋግሞ በተኮሰ ቁጥር ነሐሱ ይግላል፤ ቆዳው ያርራል፤ ከቆዳውም አልፎ ሥጋ ይቃጠላል። ጣቱ ግን መነሣት የለበትም። ቁጥር አንድ ዘወር ብሎ አያየውም፤ ለማየትም ፋታ የለው። ሁለቱ ሰዎች የማይዋደዱ፣ ምናልባትም ትናንት ማታ በቁማር ወይም በዳቦ የተጣሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ይሁን እንጂ የአንዱ ክንድ በሌላው ጣት ሥር አድሯል። የኅብረት ሥራ ግለሰቡን ከኃላፊነት ያሳርፈዋል ለሚሉ ሰዎች ይህ ጣት በቂ መልስ ነው፤ ሥራው በተከፋፈለ መጠን የእያንዳንዱ ድርሻ ይበልጥ ሸክም ሆነ እንጂ አልቀለለም።

ነገር ግን ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 የስፒል ሥራን ምሳሌ አድርጎ ስለ ሥራ ክፍፍል ጽፏል። ማርክስም እ.ኤ.አ. በ1867 ባሳተመው ሥራው፣ ሠራተኛው ዕድሜ ልኩን በአንዲት ቁራጭ ተግባር ታስሮ የሥራውን ሙሉ መልክ እንዴት እንደሚያጣ አብራርቷል። የመድፈኛው ሁኔታ በመልኩ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ በባሕርዩ ግን ይለያል። የጦርነቱ ሥልጠና እያንዳንዱ መድፈኛ የሌላውን ሁሉ ተግባር እንዲያውቅ ያስገድድ ነበር፤ ሰው በወደቀ ጊዜ የቀሩት ሥራውን እንዴት እንደሚከፋፈሉት በመመሪያው ተዘርዝሯል። ስለዚህ የስፒል ሠራተኛው «ከእኔ እጅ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚሆን አላውቅም» ቢል እውነቱን ይሆናል። መድፈኛው ግን እንዲህ ሊል አይችልም። ባሩዱን ያቀበለው ሰው ትናንት ገመዱን ስቧል፤ ነገ ደግሞ ያነጣጥር ይሆናል። ሥራው ለሰባት ቢከፈልም ዕውቀቱ ለሰባት አልተከፈለም።

የዕውቀቱ ሙሉነት ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ነበር እ.ኤ.አ. መስከረም 17 ቀን 1862 በአንቲተም ጦርነት የሆነው ያሳያል። የሰሜኑ ጦር ጄኔራል ጆን ጊበን ቀድሞ መድፈኛ የነበረ፣ በዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ስለ መድፍ ያስተማረና መጽሐፍም የጻፈ ሰው ነው። በበቆሎው እርሻ አጠገብ የቀድሞ ባትሪው ከደቡቦች እግረኛ ጋር በቅርብ ርቀት ተናንቆ ሳለ፣ ጊበን አንዱን መድፍ ልብ ብሎ ተመለከተው። ሰዎቹ ይወለውላሉ፤ ያጎርሳሉ፤ ይጠቀጥቃሉ፤ ገመዱን ይስባሉ፤ ሁሉም ተግባሩን ሳያጓድል ይፈጽማል። አፈ ሙዙ ግን ከልክ በላይ ቀና ብሎ ኖሮ ጥይቱ በጠላት አናት ላይ ያልፍ ነበር። ጄኔራሉ ከፈረሱ ወርዶ ብሎኑን በገዛ እጁ አዙሮ አፈ ሙዙን ዝቅ አደረገው። የሚተኮሰው በቆርቆሮ ጣሳ የታጨቁ 27 የብረት አረሮች ነበሩ፤ በእንዲህ ያለ ቅርበት ሁለት ጣሳ በአንድ ጊዜ ይጎረሳል። በዚያው ባትሪ የ15 ዓመቱ መለከት ነፊ ጆኒ ኩክ ከወደቁት መድፈኞች ላይ የጥይት ከረጢት ፈትቶ ጥይት ሲያመላልስ ውሏል።

ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው የጊበንን ንቃት ለማወደስ ነው፤ ውዳሴውም ይገባዋል። ዳሩ ግን ጊበን ያደገው በደቡብ፣ በሰሜን ካሮላይና ሲሆን፣ ሦስት ወንድሞቹ በደቡቦች ጦር ውስጥ ተሰልፈው ነበር። አፈ ሙዙን ዝቅ ያደረገው እጅ ማን ከፊት ሊኖር እንደሚችል ጠንቅቆ ያውቃል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ኃላፊነት ይለያያል፤ አንደኛው በመድፉ ዙሪያ ላሉት፣ ሁለተኛው ከአፈ ሙዙ ፊት ላሉት። የመጀመሪያው በሥልጠና ይገኛል። ሁለተኛውን ግን የትኛውም የመድፍ ሥልጠና አያስተምረውም። የደቡብ መድፈኞችም ቢሆኑ በዚያው የአሠራር ሥርዓት የሠለጠኑ ነበሩ፤ የእነሱም ቁጥር ሦስት ጣቱን እያሳረረ የጓዱን ክንድ ጠብቋል። የሚዋጉት ግን ሚሊዮኖችን በባርነት ቀንበር ሥር የያዘውን ሥርዓት ለማቆየት ነበር። የጓደኝነታቸው ንጽሕና የዓላማቸውን ክፋት አላጠበውም። ሥነ ሥርዓትንና ፍትሕን አንድ አድርጎ ማየት፣ በተለይም ሰውን አደራጅቶ ማሠራት ተግባሩ የሆነ ሁሉ በቀላሉ የሚወድቅበት ስሕተት ነው።

እንግዲህ ከደቡብ መድፈኞች አንዱ ይህን ተገንዝቦ ነበር ቢባል ምን ሊያደርግ ይችላል? መድፉ በሚጎርስበት ሰዓት ጣቱን ቢያነሣ የሚጎዳው ባሪያ አሳዳሪው አይደለም፤ ጦርነቱን ያወጀው ሹምም አይደለም። ቁጥር አንድ ነው። አሠራሩ በራሱ እምቢታን በጓድ ላይ የሚሰነዘር ጥቃት ያደርገዋል። ስለዚህም ሰዎች በዚያች ሰዓት ላመኑበትም ላላመኑበትም እኩል ይተጋሉ፤ ይህንንም ትጋት የዓላማው እውነተኛነት ምስክር አድርጎ የሚያቀርብ አይጠፋም። የእምቢታ ጊዜ መወልወያው ከመግባቱ በፊት ነው። ያ ጊዜ ደግሞ ለሁሉም እኩል አልተሰጠም፤ ለተራው መድፈኛ እጅግ አጭር ሲሆን፣ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ይረዝማል።

ረጅሙን ጊዜ የያዙት ሰዎች እንዴት እንደተጠቀሙበት ለማየት ወደ ጌቲስበርግ መሻገር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 3 ቀን 1863 የደቡቦች ጦር 150 ያህል መድፎች አሰልፎ የሰሜኑን መካከለኛ ይዞታ ደበደበ፤ ከድብደባው በኋላ ከ12 ሺህ ያላነሱ እግረኞች በግልጽ ሜዳ ላይ እንዲያጠቁ ታቅዷል። የእግረኛው አዛዥ ጄኔራል ሎንግስትሪት ጥቃቱ እንደማይሳካ ያምን ነበር። ሆኖም ከድብደባው በፊት ለ28 ዓመቱ የመድፈኞች አለቃ ለኮሎኔል አሌክሳንደር በላከው ማስታወሻ፣ መድፉ ጠላትን ካላዳከመ ጄኔራል ፒኬት እንዳይዘምት እንዲመክረውና ፍርዱም የእሱ እንዲሆን አስታወቀው። ኮሎኔሉ ሸክሙ ለትከሻው እንደማይመጥን ተረድቶ መልሶ ጻፈ። በመጨረሻ ጥይቱ እያለቀ ሲሄድ ፒኬት ቶሎ እንዲመጣ አሳሰበው። ፒኬትም ሎንግስትሪትን ፈቃድ ጠየቀ። ጄኔራሉ አፉን ከፍቶ ትእዛዝ መስጠት ስላቃተው አንገቱን ብቻ ነቀነቀ። በመድፉ ዙሪያ ለሰባት የተከፈለው ተግባር እዚህ ላይ ለሦስት ተከፈለ፤ ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። ሰባቱ ድርሻቸውን የተከፋፈሉት ሥራው እንዲፈጸም ነው፤ ሦስቱ የተከፋፈሉት ሥራው የማንም እንዳይሆን ነበር ለማለት ያስደፍራል። ከዘመቱት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም ተማረኩ።

ጥቃቱ ያረፈበት ቦታ አዛዥ ያው ጊበን ነበር። በዚያ የቆመው ባትሪ መሪ የ22 ዓመቱ የመቶ አለቃ አሎንዞ ከሺንግ ክፉኛ ከቆሰለ በኋላ ወደ ኋላ ሂድ ሲባል እምቢ አለ፤ ድምፁ በመድከሙም ትእዛዙን የሃምሳ አለቃ ፍሬድሪክ ፉገር ደግፎት እየተቀበለ ያሰማለት ነበር። ሰው ባለቀ ጊዜ ከሺንግ የእሳቱን ቀዳዳ በገዛ ጣቱ እንደ ደፈነና ጣቱ እስከ አጥንቱ እንደ ተቃጠለ ይተረካል። መኮንኑ በቁጥር ሦስት ቦታ ገባ ማለት ነው። እዚያው በጥይት ተመትቶ ሞተ። ፉገር እ.ኤ.አ. በ1897 ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳይ ተሸለመ፤ ከሺንግም ከሞተ ከ151 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ተሰጠው። ሜዳይ ለሰባት አይቆረጥም።

ጥያቄው ከተኳሹ አልፎ እስከ ሠሪው ይዘልቃል፤ ለዚህም የጋፋት ታሪክ ቅርብ ምስክር ነው። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰባሰቧቸው አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች፣ ከመካከላቸው በርከት ያሉት ወንጌል ለማስተማር የመጡ ነበሩ። ንጉሡ መድፍ እንዲሠሩላቸው በጠየቁ ጊዜ ሙያው የለንም ቢሉም ከትእዛዙ ማምለጥ አልቻሉም፤ ሞክረው፣ ከሽፎባቸው፣ ደግመው እየሞከሩ 7 ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖልን አቀለጡ። ንጉሡ መንገድ እያስጠረጉ፣ ሠራዊቱና ሕዝቡ በጉልበቱ እየጎተተ መድፉን መቅደላ አደረሰው፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በደረሰ ጊዜ አምባው ላይ ነበር። ብረቱን ያቀለጠው፣ መንገዱን የጠረገው፣ ገመዱን የሳበው ሁሉ ከዚያ መድፍ ድርሻ አለው። ይሁን እንጂ ለሳቢው ገበሬ የእምቢታ ጊዜው ምን ያህል እንደ ነበር መጠየቅ፣ ንጉሡን ከመጠየቅ ጋር አንድ አይሆንም።

በምዕተ ዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ ከኋላ የሚጎርሱ መድፎች እየተስፋፉ ሲሄዱ ቀዳዳውን በጣት መድፈን ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1897 ፈረንሳዮች ባወጡት ባለ 75 ሚሊ ሜትር መድፍ ደግሞ አፈ ሙዙ በፈሳሽና በታመቀ አየር ኃይል ወደ ኋላ ተንሸራቶ ራሱ ይመለሳል፤ ሠረገላው ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ሰዎቹም ከብረት ጋሻ በስተጀርባ ይሠራሉ። ጥቂት ቆይቶ መድፎቹ ከኮረብታ በስተጀርባ ተሰለፉ። ዒላማውን የሚያየው መኮንን ስልክ ይዞ ሩቅ ቦታ ተቀመጠ፤ የሚያነጣጥረው ሰው ከፊቱ የሚያየው በሣሩ ላይ የተተከለ ምልክት ብቻ ሆነ።