የቀድሞውን ወግ መጠበቅ ማንን ይጠቅማል?

 

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ከሰዎች አንዳንዶቹ፣ «ወግ ጠብቁ የሚል ቃል ሁሉ፣ ገዢዎችና ባለጸጎች ወንበራቸው እንዳይነቃነቅባቸው የፈጠሩት ነው» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ከአባቶች የተገኘውን ሁሉ ሳይመረምሩ ይጠብቃሉ። ነገሩን ሳይመዝኑ ከሁለቱ ወደ አንዱ መሮጥ የአስተዋይ ሰው ሥራ አይደለም።

የፊተኞቹ ቃል እውነት የሌለበት አይደለም። የመካን ታሪክ ተመልከቱ። የቁረይሽ አለቆች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲቃወሙ የአባቶቻቸውን መንገድ ምክንያት አደረጉ። ነገር ግን በካዕባ ዙሪያ የቆሙት ጣዖታት ከየነገዱ ተሳላሚ ይስቡ ስለ ነበር፣ ክብራቸውም ንግዳቸውም ከዚሁ ወግ ጋር የተሳሰረ ነበር። ወጉ ሲነካ ሥቃዩ የወረደው በባሮችና ጠባቂ ጎሣ በሌላቸው፣ በቢላልና በዐማር ቤተ ሰብ ላይ ሆነ። ቁርኣንም አስጠንቃቂ በተላከበት አገር ሁሉ በአባቶች ወግ እያመካኙ የተቃወሙት የተመቻቸው ባለጸጎች እንደ ነበሩ ይነግረናል።

ይሁን እንጂ ታሪክ በዚህ አያበቃም። በ218 ዓመተ ሂጅራ (በ833 እ.ኤ.አ.) ኸሊፋው መእሙን፣ ቁርኣን ፍጡር ነው የሚለውን ትምህርት በዳኞችና በዑለማእ ላይ በሥልጣን ኀይል ጫነ። ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበል ከቀደሙት ደጋጎች የተረከብኩትን አልለቅም ብለው ታሰሩ፤ በሙዕተሲም ዘመንም ተገረፉ። በዚህ ጊዜ አዲሱን ነገር የያዘው ቤተ መንግሥቱ፣ የቀድሞውን የያዘው እስረኛው ነበር። ሙተወኪል ፈተናውን ካስቀረ በኋላም እንኳ ኢማሙ የቤተ መንግሥቱን ስጦታ ይሸሹ ነበር።

እንዲሁም ሞንጎሎች በ1258 ባግዳድን ካጠፉ በኋላ፣ የግብፅ ገዢ ቁጡዝ ለጦርነቱ ከሕዝቡ ገንዘብ ሊሰበስብ አሰበ። ሸይኽ ዒዙዲን ኢብን ዐብዲሰላም ግን፣ አስቀድሞ አሚሮቹ የወርቅ ጌጣቸውንና ያከማቹትን ሀብት እንዲያወጡ፣ ያ ካልበቃ ብቻ ሕዝቡ እንዲጠየቅ ፈረዱ። በኋላ ዘመንም ሙሐመድ ዐሊ ግብፅን በአዲስ ሥርዐት ሲያደራጅ፣ ለመስጊድና ለድሀ መርጃ በተተወው የወቅፍ መሬት ላይ ግብር ለመጣል ተነሣ። ይህን የተቃወሙት ዑመር መክረም በ1809 ወደ ዲምያጥ ተጋዙ። በእነዚህ ሁሉ የቆየው ሕግ ለደካማው አጥር ሆነ፤ አጥሩን ሊያፈርስ የመጣውም ገዢው ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው አሮጌ ነው ወይስ አዲስ ነው የሚል መሆን የለበትም። ይህን ነጋዴ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ሚዛን ከአባት የተወረሰ መሆኑ ትክክለኛ አያደርገውም፤ ትናንት ተሠርቶ መምጣቱም እንዲሁ። ትክክለኛ ሚዛን ለሻጭም ለሸማችም አንድ ዐይነት የሚመዝን ነው። ወግም እንደዚሁ ሹሙንና ተራውን እኩል የሚያስር ከሆነ ሊጠበቅ ይገባዋል፤ ደካማውን ብቻ አስሮ ብርቱውን የሚፈታ ከሆነ ግን፣ አባቶች ቢሠሩትም የብርቱው አሽከር ነው።

ሁለተኛም መለያ አለ፤ እርሱም ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ነው። ኢማም አሕመድ ስለ ያዙት ነገር በገዛ ገላቸው ከፈሉ፤ የቁረይሽ አለቆች ግን ስለ ወጋቸው በቢላል ገላ አስከፈሉ።

ይህ ነገር የሱልጣኖች ብቻ አይምሰላችሁ፤ በየቤቱ ገዢና ተገዢ አለ። አባት ሲሞት ሸሪዓ ለእኅቱ የወሰነላትን ድርሻ፣ «በእኛ ዘንድ ሴት መሬት አትወርስም» ብሎ የሚያስቀር ወንድም ወግ የጠበቀ ይመስለዋል፤ የጠበቀው ግን የራሱን ጥቅም ነው። የሠራተኛውን ደመወዝ እያዘገየ «የገበያው ልማድ ነው» የሚል ነጋዴም ከእርሱ አይለይም። ሁለቱም ልማዱ በእነርሱ ላይ የሚፈርድ ቢሆን ኖሮ ሳያድሩ ይተዉት ነበር።

ስለዚህ፣ ወንድሞች ሆይ፣ «የአባቶቻችን ወግ ነው» ልንል አፋችንን ስንከፍት፣ ይህ ወግ ከእኛ ምን ይወስዳል፣ ከሌላውስ ምን ይወስዳል ብለን አስቀድመን ራሳችንን እንጠይቅ። አላህ ከአባቶቻችን የወረስነውን በጎ ነገር የምንጠብቅ፣ በደሉን የምንተው ያድርገን። አሚን።