ሽንኩርት ተካይና ቁማርተኛ

ማሌዥያ የሚማር አንድ የግራና ልጅ ለዕረፍት መጥቶ፣ ቅዳሜና እሁድን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ጌንቲንግ የሚባለው ተራራ ላይ ካዚኖ ገብቶ እንዳሳለፈ አወጋን። «ቤተሰብ በላከልህ ገንዘብ?» ብለው የሰሙት ተቆጡት። «አባቴ ሽንኩርት ሲተክልስ? እሱም ቁማር ነው» አለ። ያ መልስ እስካሁን አላሳረፈኝም።

ቁማር መጥፎ መሆኑን መድገም አያስፈልግም። ወረዳችን ሐብሩ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይህን እየሰማ አድጓል። የሚያስቸግረው የልጁ መልስ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው።

የግራና ገበሬ የሽንኩርት ችግኝ መደብ ላይ አፍልቶ ወደ ማሳ ያዛውራል። ለዘሩ፣ ለማዳበሪያው፣ ለመድኃኒቱ፣ ለውኃ መሳቢያ ሞተሩ ነዳጅ ይበደራል። ዋጋው ከወደቀ ለቀን ሠራተኛ የሚከፍለው እንኳ አይወጣለትም። ያለውን አስይዞ የማያውቀውን ይጠብቃል። ሩሌት የሚጫወተውስ ከዚህ ሌላ ምን ያደርጋል?

መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ ላብ ነበር። ላብ ግን አይበቃም፤ ሌሊቱን ሙሉ ጠረጴዛ ከቦ የሚያድርም ይደክማል። ማሳው ለሰው የሚበላ ነገር ይሰጣል፣ ካዚኖ ገንዘብ ከኪስ ወደ ኪስ ያዛውራል ማለት ይሻላል። ይህም ቢሆን የሥራውን ውጤት እንጂ የሠሪውን ልብ አይነግረንም።

እኔ ልዩነቱን የማየው ገበሬው ዕድልን ለማሳነስ በመታገሉ ነው። በቆቦ ግራና ሸለቆ ጉድጓድ የተቆፈረው የሰማይን ደመና ብቻ ከመጠበቅ ለመውጣት ነው። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ግራና-1 የተባለውን የማሽላ ዝርያ ያወጣውም ዝናብ ያጠረበት ዓመት ባዶ እንዳይቀር ነው። እርሻ ላይ ያወቀ ይጠቀማል። የአውሮፓው ሩሌት ግን 37 ቁጥር አለው፤ በአንድ ቁጥር አስይዞ የቀናው ካስያዘው ሌላ 35 እጥፍ ያገኛል። በዚህ ስሌት ከተያዘው ገንዘብ በአማካይ ከመቶ 2.7 ያህሉ ለቤቱ ይቀራል። ዕድሜ ልክህን ብትጫወት ይህችን ልታሳንሳት አትችልም። በካርታ ይቻል ነበር፤ ኤድዋርድ ቶርፕ የተባለው የሒሳብ ምሁር ብላክጃክ በስሌት እንደሚሸነፍ በ1962 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ አሳየ። ካዚኖዎች ደንባቸውን አጠበቁ፣ ካርታ ቆጣሪዎችን ማባረር ያዙ። ያወቀ የሚባረርበት ቤት ነው።

በዚህ ልጁን የረታሁት መስሎኝ ነበር፤ የሽንኩርት ገበያ ትዝ እስኪለኝ። ሁሉም በአንድ ሰሞን ያወጣል፣ ሽንኩርቱ ብዙ አይቆይም፣ ዋጋውን የሚናገረው ማሳ ድረስ የመጣው ደላላ ነው። ደላላው የአዲስ አበባን ገበያ በስልክ ያውቃል፤ ገበሬው ዘንድሮ ስንት ሰው እንደተከለ እንኳ አያውቅም። የአምናው ኪሳራ የዘንድሮን ዋጋ አያስተምረውም። እዚህ ላይ ልጁ ልክ ነው፤ እኔ የያዝኩት መለያ ማሳውን እንጂ ገበያውን ከካዚኖ አይለይም። የሚቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ገበሬው ከዚያ ገበያ ቢወጣ የሚሄድበት የለውም፤ ልጁ ግን ተራራውን የወጣው ወዶ ነው።

«ትንሽ ብር መድቤ ተዝናናሁ፣ ሲኒማ እንደመግባት ነው» የሚልም ይኖራል። እንግዲያው የማሌዥያ ሕግ ሙስሊሞችን ካዚኖ እንዳይገቡ ለምን ይከለክላል? ሁለት የግራና ልጆች፣ አንዱ ክርስቲያን አንዱ ሙስሊም፣ አብረው ቢሄዱ ክርስቲያኑ ገብቶ ሙስሊሙ በር ላይ ይቀራል። ሲንጋፖር ዜጎቿን ለአንድ ቀን መግቢያ 150 የሲንጋፖር ዶላር ታስከፍላለች፤ የውጭ አገር ጎብኚ በነጻ ይገባል። ሞናኮ የራሷ ዜጎች እንዳይጫወቱ ትከለክላለች። ለልጆቻቸው የሚፈሩትን ለሰው ልጅ ያቀርባሉ፤ ይህ ያናድደኛል።

ገንዘቡ ልጁ ሠርቶ ያገኘው ደመወዝ ቢሆን ክርክሬን እዚህ እተው ነበር። የላኩለት ግን አባቱ ናቸው፤ ብሩም ከዚያው ከሽንኩርት ማሳ የወጣ ነው። እሳቸው ከውኃ እጥረትና ከደላላ ያተረፉትን፣ ዕውቀት ወይ በማይረዳበት ወይ በሚያስባርርበት ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ልክ አይመስለኝም። ልጁ ይህንንም አይቀበልም፤ ከተላከልኝ በኋላ የኔ ነው ይላል። በዚህ ገና አልተስማማንም።