ወዳጅ ለወዳጁ ስለሚያካፍለው ዜማ

ሰው እንጀራውን ለባልንጀራው ቢያካፍል ለራሱ የሚቀርለት እኩሌታው ነው፤ ርስቱን ቢያካፍል ድንበሩ ይጠብበታል። ዜማ ግን ከዚህ ሥርዓት የወጣ ነገር ነው። አንድ ሰው የወደደውን ዜማ ለወዳጁ ቢያሰማ ከገንዘቡ ምንም አይጎድልበትም፤ እንዲያውም ብቻውን ሳለ ያላስተዋለውን አንድ ስልት በወዳጁ ፊት ሲሰማው ያስተውለዋል። ስለዚህ ከልግስና ሁሉ ይህ የቀለለው ይመስላል። ዳሩ ግን ምንም ያልጎደለበት ሰው ሰጠ ይባላልን? የሚቀበለውስ ሰው ምን ዕዳ ይኖርበታል? ጥያቄው ጨዋታ መስሎ ይጀመራል፤ ቀርቦ ላየው ሰው ግን ብዙ ወዳጅነት የሚፈተንበት ነገር ሆኖ ይገኛል።

የሰጪውን ሁኔታ መመልከት ነገሩን ይገልጠዋል። ዜማው በሚሰማበት ጊዜ እርሱ ዜማውን አይሰማም፤ አስቀድሞ ያውቀዋልና። የሚመለከተው የወዳጁን ፊት ነው። ቅንድቡ ተነሣን? ጣቱ ምቱን ተከተለን? ዓይኑ ወደ ደጅ ሄደን? ወዳጁ ቢያዛጋ ወይም በመካከል የገበያ ወሬ ቢያነሣ፥ ሰጪው የተሰደበ ያህል ፊቱ ይለወጣል። ዜማውን የደረሰው እርሱ አይደለም፥ ያዜመውም እርሱ አይደለም፤ ሆኖም የተናቀው እርሱ ይመስለዋል። ምክንያቱም ያቀረበው ዜማውን ብቻ አልነበረም። ሰው የሚበላውንና የሚለብሰውን ሁሉም ያይለታል፤ በምን እንደሚያለቅስ ግን ለጥቂቶች ብቻ ያሳያል፤ እርሱንም በቀጥታ ለመናገር ስለሚያፍር «እስቲ ይህን ስማልኝ» ይላል። «ስማኝ» አላለም፤ ነገር ግን «ስማልኝ» ከ«ስማኝ» ብዙ የራቀ አይደለም።

ይህን ነገር የቅኔ ቤት ሰዎች አስቀድመው ያውቁታል። ቅኔ ለዕለቱ ተቈጥሮ በዕለቱ የሚነገር ነው፤ ያለፈውን በዓል ቅኔ ደግሞ ለዛሬው ማሕሌት ማቅረብ ለባለ ቅኔ ነውር ነው። ሲነገርም ባለ ቅኔው ቃሉን ይነግራል፥ ባለ ዜማው ተቀብሎ ያዜመዋል፤ እንግዲህ ከአፍ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ የሁለት ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ ጠባቂ የለውም። የሚጽፈው ሰው ካልተገኘ፥ ብዙ ጊዜም አይገኝም፥ የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ከሰሚዎቹ አንዱ ወድዶት በልቡ ይዞት መውጣቱ ነው። ያ ሰው በማግሥቱ ለጓደኛው ይነግረዋል፥ ጓደኛውም ለሌላው። በዋሸራ የተነገረ ጉባኤ ቃና ዋድላ የሚደርሰው አኮፋዳውን አንግቶ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ በሚዞር ተማሪ አፍ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. የሊቃውንቱን ቅኔ ሰብስበው በመጽሐፍ ቢያሳትሙ፥ ወደ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ብዙው በወዳጅና በወዳጅ መካከል ሲመላለስ የኖረ ነበር።

ለዚህ ልውውጥ ቅኔ ቤት በወረቀት ያልሰፈረ ሥርዓት አለው። የባለቤቱ ስም ይጠራል፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የተናገረ ተማሪ ከሌባ ይቈጠራል። ቅኔ መናገር ራሱ «ዘረፋ» መባሉ ለእንዲህ ያለው ሰው መከላከያ አይሆነውም፤ በዚያ ቃል የሚዘረፈው ምሥጢር እንጂ የባልንጀራ ድካም አይደለም። ደግሞም ወርቁ አይነገርም። የወደደውን ቅኔ ለጓደኛው የሚያካፍል ሰው ቃሉን ነግሮ ዝም ይላል፤ ሰሙን ገልጦ ወርቁን የሚያገኘው ሰሚው ራሱ ነው፥ ማታ ቢያገኘው ማታ፥ ከሳምንት በኋላ ቢያገኘው ከሳምንት በኋላ። ዜማ እያሰሙ «አሁን ይመጣል፥ ይችን ስማት፥ ይችን ብቻ!» እያሉ ክንድ የሚጎነትሉ ሰዎች ከዚህ ቢማሩ መልካም ነበር፤ ወዳጃቸው የሚሰማው የእነርሱን ድምፅ ነውና።

በአዝማሪም ዘንድ ግጥም የሚሰጥ ሰው «ተቀበል» ብሎ ይጀምራል። ዘፈን ለክርስቲያን ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ሌላ ነው፥ ከዚህ አይነሣም፤ ቃሉ ግን ትእዛዝም ልመናም ያለበት ድንቅ ቃል ነው።

ሸክላው ቀርቶ ካሴት በነገሠበት ዘመን የነበሩ የከተማ ሰዎች ዜማ መስጠት ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው ያስታውሳሉ። ስድሳ ደቂቃ የሚሄደውን ካሴት ለወዳጁ የሚቀዳ ሰው ሁለት ቴፕ ፊት ለፊት አኑሮ፥ በር እንዳይንኳኳ ልጅ እንዳያለቅስ እየሠጋ፥ ስድሳውን ደቂቃ ይቀመጥ ነበር። የዜማዎቹን ስም በወረቀቱ ላይ በእስክርቢቶ ይጽፋል፤ ክሩ ቢላላ በዚያው እስክርቢቶ ያጠነጥነዋል። ካሴቱ ሲያልቅም የመጨረሻው ዜማ ከመካከሉ ይቈረጣል፤ ስለ ጉድለቱ ይቅርታ የሚጠይቅ አልነበረም፥ ሁሉም ያውቀዋልና። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ወደ ሱዳንና ወደ አሜሪካ ከተሰደዱት ብዙዎቹ እንደዚህ ያለ ካሴት በሻንጣቸው ነበር። እንግዲህ ከሰጪው የሚጎድል ነገር የለም መባሉ ትክክል አይደለም። ከዕድሜው አንድ ሰዓት ጎድሎበታል፤ ያንንም ሰዓት ሲቀዳ ያሳለፈው ያን አንድ ሰው እያሰበ ነው።

ከእንደዚህ ያለ ስጦታ ምን ሊወጣ እንደሚችል አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1984 ዓ.ም. ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ፥ አንድ ወዳጁ ከኢትዮጵያ ይዞት የተመለሰውን የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰማ። ቋንቋውን አያውቅም፥ አገሩን አላየም። ነገር ግን ዜማው አላስቀምጠው ስላለ ባለ ዜማውን ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መጣ። በ1986 ዓ.ም. «ኧረ መላ መላ» የተባለው የማሕሙድ ሥራ በብራስልስ ታተመ፤ ከዚያም በአዲስ አበባ በአምሐና በካይፋ ስም ታትመው የነበሩትን የድሮ ሸክላዎች እየሰበሰበ «ኢትዮፒክ» የሚባለውን ተከታታይ ስብስብ በፓሪስ ማውጣት ጀመረ። በ2017 ዓ.ም. ቍጥሩ 30 ደርሶ ነበር። ይህ ሁሉ የተነሣው አንድ ሰው ለወዳጁ «እስቲ ይህን ስማ» ከማለቱ ነው። ያ የመጀመሪያው ሰው ምስጋና ጠብቆ አልነበረም፤ የዓለምም ጆሮ በአሳቡ አልነበረም።

ዛሬ ዜማ በእጅ ስልክ ይላካል፤ አንድ ጣት ለአምስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ያዳርሳል። ይህን እንዲያው መንቀፍ አይገባም። በቤይሩት ወይም በጅዳ በሰው ቤት የምታገለግል ልጅ ሥራዋን ጨርሳ በሌሊት ከአገር ቤት የተላከላትን ዜማ ስትሰማ፥ ካሴት በፖስታ ቤት እስኪመጣ ወራት ይጠበቅ የነበረበትን ዘመን መናፈቅ ጭካኔ ይሆናል። ሆኖም ለአምስት መቶ ሰው የተላከው ዜማ ለማን ታስቦ ተላከ? ላኪው ፊቱን የሚመለከተው ሰው የለውም፤ ተቀባዩም ከብዙዎቹ አንዱ መሆኑን ስለሚያውቅ ሳይከፍተው ያልፈዋል፥ በዚህም አይወቀስም። በሌላ በኩል ደግሞ የዜማው ባለቤት አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 ደራሲውና አዝማሪው በሥራቸው ላይ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ለአንድ ወዳጅ ማሰማትና ለሺህ ሰው ማባዛት በሥራው መጠን ብቻ የሚለያዩ አይደሉም፤ ሁለተኛው በሌላው ላብ ለጋስ መባል ነው፥ ይህም በቅኔ ቤት ሕግ ሲመዘን ስም ካለመጥራት የከፋ ነው።

ወደ ተቀባዩ ስንመለስ፥ ዕዳው መውደድ አይደለም። መውደድ በትእዛዝ አይመጣም። ሳኦልን አንድ ቀን ያሳረፈው የዳዊት በገና ነበር፤ በሌላ ቀን ያንኑ በገና እየሰማ ጦር ወረወረ፥ በገናው ግን አልተለወጠም። ሰሎሞንም ላዘነ ልብ የሚዘመረውን ዜማ በሆምጣጤ መስሎታል። ስለዚህ ከተቀባዩ የሚጠበቀው አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው መስማትና እውነቱን መናገር ነው፤ የሚከብደውም እውነቱን መናገር ነው። ወዳጁን ላለማሳዘን «ግሩም ነው» የሚል ሰው በጎ ያደረገ ይመስለዋል። ወዳጁም ደስ ብሎት በማግሥቱ ያንኑ የሚመስል ሦስት ያመጣለታል፤ እርሱም እንደገና ያመሰግናል። ዓመት ሲያልፍ ሰጪው የሚሰጠው በዓለም ለሌለ ሰው ይሆናል፤ ይኸውም በሐሰት ምስጋና ለተሠራ ሰው ነው። «አልገባኝም፤ አንተ ምኑን ወደድኸው?» ብሎ የጠየቀው ግን ብዙ ጊዜ ስለ ዜማ ያልሆነ መልስ ያገኛል። ሰጪው ጥቂት ዝም ብሎ፥ አባቱ ከብት ሲያገቡ ያንጎራጉሩት እንደነበረ፥ ወይም እኅቱ ወደ ባሏ ቤት በሄደችበት ሌሊት የሰማው እንደ ሆነ ይናገራል።

የጆሮም ፍርድ ለዘወትር የጸና አይደለም። ወዳጁ በሕይወት ሳለ የሰጠውን ዜማ ያልወደደ፥ ያንንም በፊቱ የነገረው ሰው፥ ከወዳጁ ዐርባ በኋላ መሳቢያ ሲከፍት ካሴቱን ያገኘዋል። የእጅ ጽሕፈቱ በወረቀቱ ላይ አለ፥ የአንደኛው ዜማ ስም ተሰርዞ እንደገና ተጽፏል። ቴፕ ካለው ቤት ፈልጎ ይሰማዋል። ዜማው ያው ነው፤ ያን ጊዜ የረዘመበት ቦታ ዛሬም ይረዝማል። ሆኖም አያቆመውም። ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላም ያንኑ ዜማ ሙሉውን በሰርግ ቤት ወይም በታክሲ ውስጥ በድንገት ሲሰማ፥ የወዳጁ ካሴት ከተቈረጠበት ቃል ላይ ሲደርስ ጆሮው ዝምታን ይጠብቃል፤ ዜማው ግን አልፎ ይሄዳል።