በአሮጌ መኪና ላይ ስለሚጨመር ዕቃ

ማናቸውም ሰው በእጁ ያለውን ዕቃ ለኑሮው እንዲመች አድርጎ ቢያሻሽለው ነውር የለበትም። ልብስ በባለቤቱ ቁመት ይሰፋል፤ ልጅ ሲበዛም በቤት ላይ ክፍል ይጨመራል። እንደዚሁም አሮጌ ፒክአፕ ያለው ሰው ብርቱ መብራት ቢያስገባ፥ በጣራው ላይ ፖርቶመጋላ ቢያሳስር፥ ባሌስትራውን ቢያስደርብ የሚነቅፈው አይኖርም። ነገር ግን መጨመር የተፈቀደ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ ይኸውም፥ የጨመረው ሰው ጭማሪው ለሚያስከትለው ነገር ሁሉ ኀላፊ ነውን? የሚል ነው። እኔ ኀላፊ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱንም ከመኪናው ከራሱ ላስረዳ።

መኪና የሚሠራ ፋብሪካ አንዱን ዕቃ ከሌላው ለይቶ አያስብም። መብራቱን ሲመርጥ የሽቦውን ውፍረት፥ የፊውዙን መጠንና የዲናሞውን ጉልበት አብሮ ይመርጣል። በ12 ቮልት የሚሠራ የተለመደ የፊት አምፖል በረጅሙ መብራት 60 ዋት ይወስዳል፤ ሁለቱ ባንድነት 10 አምፔር ያህል ይስባሉ ማለት ነው። በነዚህ ፈንታ ባለ 100 ዋት አምፖሎች ቢገቡ የሚሳበው ወደ 17 አምፔር ይደርሳል፤ ሽቦው ግን ያው የቀድሞው ነው። ስለዚህ ፊውዙ ደጋግሞ ቢቃጠል አያስደንቅም። ፊውዝ ቀጭን ሆኖ የተሠራው በከንቱ አይደለም፤ ሽቦው ግሎ እሳት ከማስነሣቱ በፊት እርሱ ተቃጥሎ አደጋውን እንዲያቆም ነው። ዐዋቂ ሠራተኛ ይህን ሲያይ ከባትሪው ወፍራም ሽቦ ስቦ በሪሌና በራሱ ፊውዝ ለመብራቱ የተለየ መስመር ያበጅለታል። ችኩሉ ግን በተቃጠለው ምትክ ከፍ ያለ ፊውዝ ያስገባል፥ ወይም በሽቦ ቁራጭ ያገናኘዋል። መብራቱ ይበራል፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል፤ ከእንግዲህ ወዲህ የሚቃጠለው ግን ሽቦው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው የባሌስትራው ነገር ነው። ቶዮታ ሂሉክስ የተባለው ፒክአፕ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከተሠሩት ፒክአፖች በብዙዎቹ ላይ የኋላውን ፍሬን በጭነቱ ልክ የሚመጥን ቫልቭ ተደርጎባቸዋል። ቫልቩ በዘንግ ከኋላው አክስል ጋር የተያያዘ ነው። ጭነት ሲበዛ የመኪናው ኋላ ዝቅ ይላል፤ ቫልቩም ይህን በዘንጉ ዐውቆ ለኋላ ጎማዎች ብዙ የፍሬን ኀይል ይሰጣል። መኪናው ባዶ ሲሆን ደግሞ ጎማዎቹ ተይዘው እንዳይንሸራተት ኀይሉን ይቀንሳል። ታዲያ ባለቤቱ ብዙ ለመጫን ብሎ ባሌስትራ ሲያስደርብ፥ ኋላው በጭነት ጊዜም እንደ ቀድሞው ዝቅ አይልም። ቫልቩም ተታልሎ መኪናውን እንደ ባዶ ይቈጥረዋል፤ ብዙ ፍሬን በሚያስፈልግበት ሰዓት ጥቂት ይሰጣል። እነሆ፥ መኪናው ለመሸከም በረታ፤ ለመቆም ግን ደከመ። በሰውም ዘንድ እንዲሁ ነው፤ ጉልበት ስንጨምር የምናስበው የምንይዘውን ነው እንጂ የምንገታበትን አይደለም።

«መኪናው የገዛ ንብረቴ ነው፤ ቢበላሽም የሚጠፋው የኔው ገንዘብ ነው» የሚል ይገኝ ይሆናል። የፊተኛው ቃል እውነት ነው፤ የኋለኛው ግን አይደለም። መኪናው በቁልቁለት አልቆም ሲል ዋጋውን የሚከፍለው መንገድ የሚሻገር ሕፃን ወይም በጭነቱ ላይ የተቀመጠ የቀን ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ከዓመታት በኋላ መኪናውን ገዝቶ፥ የተሸፈነውን ሽቦ ሳያይ በሌሊት የሚነዳውም ሰው አለ። ከነዚህ አንዱም ጭማሪው ሲደረግ ፈቃዱ አልተጠየቀም።

ሌላው ደግሞ «ድኻ ነኝ፤ ሁለት ኩንታል አክዬ ካልጫንሁ ልጆቼ ምን ይበላሉ?» ይላል። ይህ ከፊተኛው የከበደ ቃል ስለ ሆነ በንቀት ሊመለስ አይገባውም። ድኽነት ሰውን በራሱ ላይ አደጋ እንዲቀበል ያስገድደው ይሆናል፤ በሌላው ላይ በስውር እንዲጭን ግን መብት አይሰጠውም። ደግሞም ባሌስትራ ስለ ተደረበ ፋብሪካው የወሰነው የጭነት ልክ ከፍ አይልም፤ ፍሬኑም ሻንሲውም ያው የቀድሞዎቹ ናቸውና።

እንግዲህ ጨምር፤ ነገር ግን ስትጨምር በጨመርኸው መጠን የፋብሪካውን ኀላፊነት ወደ ራስህ እንደ ወሰድህ ዕወቅ። ባሌስትራ ካስደረብህ የፍሬኑን ቫልቭ ለሚያውቅ መካኒክ አሳየው፤ መብራት ካስገባህ ሽቦውን አብረህ ለውጥ፤ መኪናውን ስትሸጥ ያደረግኸውን ሁሉ ለገዢው ሳትደብቅ ንገረው። ዋጋው ጥቂት ዝቅ ቢል፥ ያ የጎደለው ገንዘብ መጀመሪያውኑ ያንተ አልነበረም።